ዲፊዩዥንን በሁለት ብርጭቆ ውሃ እንዴት እናያለን

ባዮሎጂ የምታጠኑም ሆነ ልጅ የምታስጠኑ፣ ዲፊዩዥንን "ሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ አነሱበት ሲሄዱ" ብላችሁ ሸምድዳችሁ ብቻ አትለፉት፣ በአይናችሁ እዩት።

ሁለት አንድ አይነት ብርጭቆ አምጡና አንዱ ላይ ቀዝቃዛ ሌላው ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ቅዱ፣ የፈላ ግን አይሁን ብርጭቆው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዛ ውሃው ፀጥ እስኪል ጠብቁ፣ ይቺን እንዳትዘሏት ምክንያቱም ውሃው እየተናወጠ ከሆነ ቀለሙን የሚበትነው ዲፊዩዥን ሳይሆን ንውጥውጡ ነው። የምግብ ቀለም የኬክ እቃ ከሚሸጡ ሱቆች አታጡም፣ እኩል አንድ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉና ሳትነኩ ሳታማስሉ እዩ። የሞቀው ይቀድማል፣ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ይፈጥናላ (ሙቅ ውሃ ራሱም ስለሚዘዋወር እሱም ትንሽ ያግዛል)።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቀለሙን ወደ ባዶው ቦታ የሚስበው ምንም ነገር የለም! እያንዳንዱ ሞለኪውል ዝም ብሎ በየአቅጣጫው ነው የሚራወጠው፣ ግን ብዙ ካሉበት በኩል የሚወጡት ከሚመለሱት ስለሚበልጡ በድምሩ ወደ አነሱበት የሄዱ ይመስላል። ውሃው አንድ አይነት ቀለም ሲይዝም እንቅስቃሴው አይቆምም፣ የሚሄደውና የሚመጣው እኩል ሆነ ማለት ብቻ ነው፣ ፈተና ላይ "ይቆማል" የሚል ምርጫ ካያችሁ ተጠንቀቁ።

ይሄው ነገር ሳንባችሁ ውስጥ አለ። ኦክስጅን ከአየር ከረጢቶቹ ወደ ደም የሚገባው ደም ውስጥ ስለሚያንስ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ቢሆንም በከረጢቶቹና በደሙ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት ይጠባል፣ ስለዚህ ከቆላ የመጣ እንግዳ ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ሲወጣ ቁና ቁና ቢተነፍስ አይግረማችሁ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ከረጢቶቹ ውስጥ ያለውን አየር እያደሰ ልዩነቱን ይጠብቅለታል።

ርቀትም ወሳኝ ነው፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው 4 እጥፍ ይሆናል። የአንድ ሴል ውፍረት ለማለፍ ከሰከንድ በታች ይበቃል፣ ኦክስጅን ከሳንባ እስከ እግር በዲፊዩዥን ብቻ ይሂድ ቢባል ግን አመታት ይፈጅበታል፣ ለዛ ነው ልብ ደሙን ገፍታ የምታደርሰውና ለዲፊዩዥን የመጨረሻዋ ከቀጭኑ ደም ስር እስከ ሴሉ ያለችው ርቀት ብቻ የምትቀረው።