ከቆዳ ሥር ያለ እብጠት በመርፌ ናሙና ሲመረመር

ደሴ በክረምት ናሙና የተቀባበት ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ቶሎ አይደርቅም። ቀስ ብሎ የደረቀ ሕዋስ ደግሞ ቅርጹ ይበላሻል፣ የኒውክለሱም (የሕዋሱ አስኳል) ዝርዝር ይጠፋል፤ ምንም ክፋት የሌለው እብጠት አንዳንዴ አጠራጣሪ የሚመስለው በዚህ ነው። በአየር የሚደርቀውን ናሙና በስሱ ቀቡና ወዲያው በማራገቢያ አድርቁት። ሕዋሱን ስላይዱ ላይ የሚያጸናው የሚታኖል አልኮል ጠርሙስም ተከፍቶ አይቆይ፣ እርጥበት ይስባል። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ችግሩ ይቀላል።

ከመውጋታችሁ በፊት በደንብ ዳስሱ። እንደ ደም ሥር የሚመታ እብጠት አይወጋም። ታካሚዋን አስተኟቸው፤ «እማማ አብሽሩ፣ እንደ ክትባት ነው» ማለት ሰውነታቸውን ያላላል። ቆዳውን በአልኮል አጽዱ፣ እብጠቱን በሁለት ጣት አጥብቃችሁ ያዙና ባለ 23 ጌጅ ቀጭን መርፌ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አስገቡ። መርፌው እብጠቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ ሳቡ፤ አቅጣጫ እየቀያየራችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ከማውጣታችሁ በፊት ግን የሲሪንጁን መግፊያ ልቀቁ። ካልለቀቃችሁት ናሙናው ወደ ሲሪንጁ ሆድ ይገባና ስላይዱ ባዶ ይቀራል። ቦታውን በጥጥ ተጭነው ይያዙ።

ግማሹን ስላይድ በአየር አድርቃችሁ ለጊምሳ ቀለም፣ ግማሹን ሳይደርቅ በ95% አልኮል ውስጥ ለፓፕ ቀለም አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ግን በዓይናችሁ እዩት፣ ያያችሁትንም ጻፉ። እንደ አይብ የተቋጠረ፣ የሚሸት ነገር ከወጣ የኬራቲን (የቆዳና የፀጉር ፕሮቲን) ከረጢት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ኒውክለስ አልባ የቆዳ ቅርፊቶች ይሞላሉ። የማይደርቅ የዘይት ጠብታ ሊፖማን (ክፋት የሌለው የስብ እብጠት) ያመለክታል፤ ሆኖም መርፌው እብጠቱን ስቶ ከቆዳ ሥር ያለውን ተራ ስብ ቢያወጣም የሚታየው ያው ነው። ስለዚህ መርፌው እብጠቱ ውስጥ እንደነበር እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሊፖማ አትበሉ።

ትልቁ ወጥመድ ፒሎማትሪኮማ (ከፀጉር ሥር የሚነሳ፣ ክፋት የሌለው እብጠት) ነው። ብዙውን ጊዜ በልጆች ፊት፣ አንገት ወይም ክንድ ላይ እንደ ጠጠር ጠንክሮ ይገኛል። የተጨናነቁ፣ ጥቁር ኒውክለስ ያላቸው ትንንሽ ሕዋሳት ብቻ ከታዩ ካንሰር ይመስላል። አትቸኩሉ፤ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ፈልጉ። የኒውክለሱ ቦታ ባዶ ሆኖ የቀረ፣ የገረጣ ጎስት ሴል፣ ከጎኑም ብዙ ኒውክለስ ያለው ግዙፍ ሕዋስና የካልሲየም ፍርፋሪ ካገኛችሁ ምርመራው ወደ ፒሎማትሪኮማ ያጋድላል።

ደም ብቻ ከወጣ «ካንሰር አይደለም» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ናሙናው በቂ አይደለም» ብላችሁ ድገሙ። እብጠቱ በፍጥነት እያደገ ከሆነ፣ ወይም ጣት የዳሰሰውና ስላይዱ የሚያሳየው ካልተጣጣሙ፣ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በፓቶሎጂ እንዲመረመር ላኩ።