ከጣና ዳር የተያዘችን ትንኝ አዲስ ዝርያ ብሎ ለመግለጽ፦ ከወጥመድ እስከ ስም

ከዘጌ የቡና ጫካ ወይም ከዓባይ መውጫ ዳር በሰቀላችሁት ጠርሙስ ውስጥ ስሟን የማታውቋት ትንኝ ብትገኝ አይግረማችሁ። «አላውቃትም» ከማለት ተነስቶ «እስከ ዛሬ ማንም አልሰየማትም» እስከ ማለት ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ምሳሌያችን በሾላ፣ በባንባና በዋርካ ፍሬ ላይ የሚራቡት፣ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙት የድሮሶፊላ ቤተሰብ ትንኞች ናቸው።

ከወጥመዱ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም) ፈቃድ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ናሙና ለዲኤንኤ ምርመራ ወደ ውጭ ለመላክ ካሰባችሁ ይህንኑ በማመልከቻው ላይ አስቀድማችሁ ግለጹ። በገዳም ደን ውስጥ ደግሞ አበምኔቱን ሳታስፈቅዱ ምንም አትስቀሉ።

ወጥመዱ ቀላል ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፤ የላይኛውን ጎኑን በጋለ ሚስማር 10 ቦታ ያህል ብሱት፤ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ይብቃው። ሁለት እጅግ የበሰሉ ሙዞች ጨፍልቃችሁ በግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ለውሱና አንድ ቀን ይቡካ። ጠርሙሱን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት፤ ገመዱን ቫዝሊን ቀቡት፤ ያለዚያ ጉንዳን ይቀድማችኋል። እነዚህ ትንኞች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ ሰብስቡ።

ከዚህ የሚሻለው ግን ፍሬውን ራሱን ወስዶ ማርባት ነው። በወጥመድ የገቡ ወንዴና ሴቴ የአንድ ዝርያ ስለመሆናቸው ማስረጃ የላችሁም፤ ከአንድ ፍሬ የወጡ ሲሆኑ ግን ግምታችሁ በእጅጉ ይጠነክራል። የወደቀ የበሰለ ሾላ በእርጥብ አሸዋ ላይ በባልዲ አስቀምጡ፤ አፉን በሻሽ እሰሩ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። የወጡትን ወዲያው አትግደሉ። ከሙሽሬ (ከእጭ ቀጥሎ ካለው ደረጃ) ገና የወጣች ትንኝ ገርጣ ያለች፣ ሰውነቷ የለሰለሰ ናት፤ አንድ ሁለት ቀን በስኳር ውሃ ካልቆየች ቀለሟ አይወጣም። ገርጣነቱን የዝርያዋ መለያ አድርጎ መጻፍ በዚህ ሥራ የሚያጋጥም ስህተት ነው።

ለዲኤንኤ የምትፈልጓቸውን በ96 በመቶ ኢታኖል አስቀምጡ፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ኢታኖሉን ቀይሩ፤ ከትንኟ የወጣው ውሃ ያቀጥነዋልና። ለቅርጽ ጥናት ግን 96 በመቶው ያደርቃል፤ ስትነኳት እግሯ ይሰበራል። ከኢታኖሉ አምስት እጅ፣ ከተጣራ ውሃ አንድ እጅ ቀላቅሉ፤ 80 በመቶ ይሆንላችኋል። አረቄ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ሌላ ነገር የተደባለቀበት የማቃጠያ አልኮልም ዲኤንኤውን ሊያበላሽ ይችላል። አልኮል ቀለምን ስለሚያደበዝዝ የዓይኗንና የሆዷን ቀለም በሕይወት ሳለች ፎቶ አንሱ።

አሁን መለያ ወረቀቱ። እኛ አገር ትልቁ አደጋ የቀን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 2 ቀን 2017 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኦክቶበር 12 ቀን 2024 ነው። «2/2/2017» ብላችሁ ብትጽፉ ለንደን ያለ አንባቢ ፌብሩዋሪ ብሎ ይወስደዋል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይሳሳታል ማለት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የአውሮፓውያኑን ቀን ብቻ፣ ወሩን በሮማ ቁጥር ጻፉ፤ የኛን ቀን በማስታወሻ ደብተራችሁ ያዙት። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ለእነሱ 7 ሰዓት ነው። ባሕር ዳርና ዘጌ በላቲን ፊደል በየጊዜው በተለያየ መልክ ስለተጻፉ የቦታ ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ መጋጠሚያውን በአስርዮሽ ዲግሪ ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ስጡ፤ ይህ ወደ 11 ሜትር ገደማ ያደርሳል። ከፍታውንም ጨምሩ፤ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል።

በውጫዊ መልካቸው ብቻ የማይለዩ ብዙ ዝርያዎች ስላሉ ፍርዱ የሚገኘው ከወንዴው የመራቢያ አካል ነው። የሆዱን ጫፍ በስል ወረንጦ ቁረጡና ሥጋውን አሟሙቶ ጠንካራውን ክፍል በሚያስቀር 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሳድሩት፤ ከቸኮላችሁ በሙቅ ውሃ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። በየደቂቃው እዩት፤ ከመጠን በላይ ከቆየ ስሱ ክፍል ሁሉ ይጠፋና የምትስሉት ታጣላችሁ። ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ ይበላል። ከዚያ በውሃ እጠቡት፤ አንድ ጠብታ ቀጭን አሴቲክ አሲድ አሳልፉበት፤ ግሊሰሪን ውስጥ አስገቡት። ግሊሰሪን ውስጥ እንደልብ ስለሚገላበጥ ከጎንም ከኋላም ሳሉት። ቋሚ ስላይድ ላይ ከቸነከራችሁት ግን አንድ ጎኑን ብቻ ነው የምታዩት። ሲያልቅ በጥቃቅን ብልቃጥ አድርጋችሁ ከትንኟ ጋር በአንድ ስፒል ላይ ስኩት፤ ከባለቤቱ የተለየ ሆድ ዋጋ የለውም።

ከተቻለ 10 ወንዴና 10 ሴቴ ለኩ፤ ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ስጡ፤ የሆሎታይፑን (የስሙ ምስክር እንዲሆን የተመረጠውን አንድ ናሙና) ልክ ለብቻው ጻፉ።

ንጽጽሩ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። ዛፕሪዮነስ ኢንዲያነስን ተመልከቱ፤ በጀርባዋ ላይ ነጫጭ መስመሮች ያሏት ይህች ትንኝ የአፍሪካ ተወላጅ ናት፤ ስም የወጣላት ግን በ1970 እ.ኤ.አ. ከሕንድ በተገኘ ናሙና ነው። የኢትዮጵያንና የኬንያን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው «አዲስ» ብሎ ሊሰይማት ይችል ነበር። ስለዚህ በዚያ ወገን (ጂነስ) ውስጥ እስከ ዛሬ የተሰየመውን ስም ሁሉ፣ የእስያውንና የዓረቡን ጭምር፣ ዘርዝሩ፤ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ መግለጫ አንብቡ። በነፃ የሚገኘው የአፍሮትሮፒካል ዲፕቴራ ማንዋል (ከሰሃራ በታች ያሉ የዝንብና የትንኝ ዓይነቶች መለያ መጽሐፍ) እስከ ወገን ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ የየሙዚየሙን ሆሎታይፕ ፎቶ በደብዳቤ መጠየቅ ነው። በመጨረሻ የሚቀርቧትን ሁለት ሦስት ዝርያዎች ስማቸውን ጠርታችሁ ልዩነቱን ጻፉ፦ «የፊት ጭኗ የእሾህ ረድፍ እንዲህ፣ የዚያችኛዋ ግን እንዲያ»። «ከሌሎች ትለያለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም።

ዲኤንኤው ይረዳል፣ አይፈርድም። ከአንድ እግር የሚወጣው፣ 658 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያለው፣ በማይቶኮንድሪያ የሚገኘው የኮክስ 1 ጂን ቁራጭ የተለመደው ነው። ወልባኪያ የተባለው ባክቴሪያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የእናትየዋን ማይቶኮንድሪያም ይዞ ስለሚዛመት ሁለት ዝርያዎች አንድ መስለው፣ አንዱም ሁለት መስሎ ሊታይ ይችላል።

ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በሰው ስትሰይሙ ለወንድ መጨረሻው «ኢ»፣ ለሴት «ኤ» ነው፤ በቦታ ሲሆን «ኤንሲስ»። በራሳችሁ ስም አትሰይሙ። በቦታ መሰየምንም አጥብቀን አንመክርም፤ የጣና ያላችኋት ነገ ኡጋንዳ ብትገኝ ስሟ እንደ ኢንዲያነስ ያሳስታል፤ ከሰውነቷ መለያ የወጣ ስም ይሻላል። ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ የወጣ የዝርያ ስም አንድ ሆሎታይፕ (ወይም ስሙን በጋራ የሚሸከሙ ሲንታይፖች) በግልጽ ካልተመደበለትና የሚቀመጥበት ስብስብ ካልተጠቀሰ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ፊት ስም አይባልም። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ መልክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ በዙባንክ (የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ) ተመዝግቦ የምዝገባው ማስረጃ በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። እስከዚያ ድረስ ስሙን በመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ በቴሌግራም አታውጡ፤ «ዝርያ ሀ» በሉት።

ሆሎታይፑ ቀይ መለያ ይደረግለትና አገር ውስጥ ይቅር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓራታይፖቹን (በመግለጫው የተጠቀሱትን ሌሎች ናሙናዎች) ቢያንስ በሁለት ስብስቦች አካፍሏቸው፤ ስብስብ በምስጥም በእሳትም ይጠፋል።