አዲስ አበባ ላይ ድሮና ዘንድሮን በአንድ ፎቶ ለማሳየት ስትሞክሩ የምትሰሯቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ይቺ ፎቶ አለችው፦ ጋቢ የለበሱ አባት፣ ከኋላቸው የንግድ ባንክ ህንፃ። 209 ሜትር ነው፣ በ2014 ከተመረቀ ወዲህ ከየትም ስለሚታይ ስራው ቀሎናል፤ አባትየው ዝም ብለው ታክሲ እየጠበቁ ነው እኛ ግን "ባህልና ዘመናዊነት" ብለን እንለጥፋቸዋለን።

አንደኛው ስህተት እንግዲህ ይሄ ነው፣ ሰውን የድሮ ዘመን ምልክት አድርጎ ማቆም። እኚህ አባት እኮ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አለ፣ ማታ ደሞ ዲሲ ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ያወሩ ይሆናል። ድሮና ዘንድሮ ብዙ ጊዜ እዛው አንድ ሰው ላይ ነው ያሉት። ጉልት ላይ ሽንኩርት ሸጣ በቴሌብር የምትቀበለዋን እናት፣ ጀበናውን ከሰል ላይ ጥዳ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን የሰካችዋን ቡና ሻጭ፣ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው የተደረደሩትን ነጫጭ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ጠብቁ። ፎቁ ከገባ ገባ፣ ካልገባም ምንም አይጎድልም።

ሁለተኛው ዙም ነው። ከመንገዱ ማዶ ወይ መኪና ውስጥ ሆኖ በረጅም ሌንስ መሳብ። ኋላ ያለው ህንፃ ሰውዬው አናት ላይ የተለጠፈ ይመስላል፣ በመሀል ያለው መንገድ፣ ሚኒባሱ፣ ሊስትሮው፣ ቆርቆሮው አጥር፣ ማለትም ዋናው ወሬ ይጠፋል። በ28 ወይ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ጠጋ በሉ፣ ስልክ ከሆነ ደሞ ሳትዙሙ በዋናው ካሜራ በቂ ነው።

ብርሃን ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚ ጋ ነው። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት ፀሐይዋ ደሞ ትጋረፋለች፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቀን 6 ሰዓት ገደማ ልክ አናታችን ላይ ስለምትሆን አይን ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ካሜራው የጠይም ሰው ፊት ላብራ ሲል ነጠላው ይቃጠላል፣ ጥለቱ እንኳን አይታይም፣ እና የተቃጠለ ነጭ በኤዲቲንግ አይመለስም። ስለዚ ብርሃኑን ነጠላው ላይ ለኩ፣ ጥለቱ ካልታየ ብቻ ትንሽ ቀንሱ (ስልክ ላይ ነጩን ነክታችሁ፣ አሁንም ከተቃጠለ የፀሐይዋን ምልክት ወደታች መጎተት ነው)፣ ፊቱን በኋላ ከጥላው ታወጡታላችሁ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 በኋላ ውጡ። ክረምትን ደሞ አትናቁ፣ ደመናው ፊት ያለሰልሳል፣ ሜክሲኮ ከላይ የሚያልፈው ባቡር ታች የተኛው ውሃ ላይ ሲታይ ማየት ነው።

ፈቃድ። እናት ከቤተክርስቲያን ስትወጣ ፊቷ ላይ ካሜራ መደገን ነውር ነው፣ በቃ። "እማማ፣ አንድ ላንሳዎት?" ማለት ምንም አያስከፍልም። አዎ፣ ሲጠየቁ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ይላሉ፤ ያንን አንሱላቸው፣ አሳዩዋቸው፣ ከዛ ወሬያቸውን እስኪቀጥሉ እዛው ቆዩ፣ የምትፈልጉት ያኔ ይመጣል። የሚለምኑ ሰዎችንና ህፃናትን ግን እኔ ብትተዉ ነው የምለው። ቤተመንግስት፣ ኤምባሲና ወታደር አካባቢ ጥበቃው አይቻልም ካለ አይቻልም፣ ክርክር ውስጥ አትግቡ።

ኤዲቲንግ ላይ ጭቃ ቤቱን ጥቁርና ነጭ፣ መስታወቱን ፎቅ በከለር የሚያደርግ ሰው አሁንም አለ። ሁለቱም የዛሬ ጠዋት ናቸው እኮ፣ ለምን ይለያያሉ?

መጨረሻ፣ ቀንና ሰፈር አለመፃፍ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰ፣ ካዛንቺስ በ2017 ተከተለ። "አዲስ አበባ ❤️" ብቻ ብላችሁ የለጠፋችሁትን አሁን የቱ ጋ እንደሆነ ራሳችሁም አታውቁትም። ፋይሉ ስም ላይ ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ ከማን ሱቅ ፊት ለፊት እንደቆማችሁ ፃፉ፣ ሀርድ ዲስክም አንድ ብቻ አይሁን።