ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባችሁ እግራችሁ ላይ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሲባል ሁሉም ሰው እጁን ነው የሚያየው፣ ግን በሽታው እግርንም አይምርም፤ እንደውም አንዳንዱ ሰው ላይ የሚጀምረው ከእግር ጣቶች ስር ካሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው።

ለኔ ትልቁ ስህተት ሀኪም ጋ ሄዶ ጫማ አለማውለቅ ነው። ቀልድ ይመስላል አይደል? የበሽታውን ሁኔታ ለመለካት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ዳስ 28 የሚባል መለኪያ አለ፣ 28 መገጣጠሚያ ይታይበታል፣ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የእጅ ጣቶችና ጉልበት፣ በቃ፤ ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣት የሉበትም። ስለዚህ ውጤቱ ጥሩ ነው ተብሎ እግር ውስጥ ግን ብግነቱ (የመገጣጠሚያው መቆጣትና ማበጥ) ሊቀጥል ይችላል። ማንም ባይጠይቃችሁም ካልሲያችሁን አውልቁና "እግሬን እዩልኝ" በሉ።

ሁለተኛው "ጫማው ነው የጠበበኝ" ብሎ ማለፍ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ጠጠር የረገጣችሁ ያህል ውስጥ እግራችሁን ከወጋችሁ ወይም ጣቶቻችሁ መሀል ድሮ ያልነበረ ክፍተት ካያችሁ ቶሎ ታዩ። ብግነቱ ሲቆይ ጅማቶቹን ያላላቸዋል፣ አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ይጋደማል፣ ሌሎቹ ይቆለመማሉ፣ ከስር ጫናውን የሚያበርደው ስብ ደግሞ ወደፊት ይሸሽና አጥንቱ ቆዳውን በቀጥታ ይጫነዋል።

እዛው ቦታ ላይ ነው እንግዲህ ቆዳው የሚጠነክረው፣ እና ሰው ምላጭ ያነሳል። ተዉት! ጫናው እስካለ ቆዳው ተመልሶ ይመጣል፣ በዛ ላይ ስቴሮይድ ወይም በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድሀኒት የምትወስዱ ከሆነ ትንሽ ቁስል እንኳን በቀላሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ባለሙያ ይቁረጥላችሁ።

ሌላው ጣት ጣቱን ብቻ እያዩ ተረከዝን መርሳት። ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል የሚያልፈው ጅማት ሲዳከም የእግር ቅስት ይወርዳል፣ ተረከዝ ወደ ውጪ ይዞራል፣ ጉልበትም ወደ ውስጥ ሊጎተት ይችላል፣ ሰውየው ህመሙን እየሸሸ እርምጃውን ያሳጥራል፣ በጣቶቹ መግፋት ይተዋል፣ ከዛ አቋቋሙ በሙሉ ይቀየራል። ለራስ አይታይም፣ ስለዚህ ባዶ እግራችሁን ቆማችሁ አንድ ሰው ከኋላ ፎቶ ያንሳችሁ፣ በየጊዜው እያነሳችሁ አወዳድሩት።

ኢንሶል (ጫማ ውስጥ የሚገባው ንጣፍ) ደግሞ ዝም ብሎ አይገዛም። እግሩ ገና በእጅ ሲያቃኑት የሚመለስ ከሆነ ቅስቱን ደግፎ የሚይዝ ጠንከር ያለ ይረዳል፣ አጥንቱ በዛው ቅርፅ ከደረቀ ግን ጠንካራው ይብስበታል፣ ለስለስ ያለና በእግሩ ልክ የተሰራ ነው የሚሻለው።

ጫማ ላይ ሰፊ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የተቆለመመው ጣት ከላይ እንዳይፈገፈግ ከፊት ከፍ ያለ ይሁን፣ ታኮው አጭር፣ የሚታሰር። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ወደ ማታ ለኩት።

እና ኢንሶልና ጫማ አገኘሁ ብሎ መድሀኒት ማቆም፣ እባካችሁ! ጅማቱን የሚያላላውን ብግነት የሚያቆመው መድሀኒቱ ነው። ጭራሽ መንቀሳቀስ ማቆምም አያዋጣም፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሲያብጥ አረፍ በሉ፣ ሲሻላችሁ ተንቀሳቀሱ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዛው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።