ለድኅረ ዶክትሬት ከማመልከታችሁ በፊት ካታሎጉን ክፈቱ

ደሴም ሁኑ ወልዲያ፣ በታሪክ፣ በፎክሎር ወይም በሥነ ጽሑፍ ፒኤችዲያችሁን በቅርቡ ለጨረሳችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የራሳቸውን የቅርስ ስብስብ ለሚያጠና ተመራማሪ ከነገንዘቡ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የስኮትላንዱ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው።

ብዙ ሰው ስለራሱ ጥናት ብቻ ጽፎ ይልካል። ይሄ አይበቃም። ገምጋሚዎቹ "የእኛን ስብስብ ለምን ፈለግኸው?" ነው የሚሉት። ስለዚህ ካታሎጉን ፈትሹና የምታዩትን ሰነድ በመለያ ቁጥሩ ጥቀሱ። መንዙማ ለምታጠኑ፣ ኤድንብራ በ1951 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የስኮትላንድ ጥናት ክፍል የቀዳቸው ብዙ የቃል ዘፈኖችና ተረቶች አሉት። የወሎን መንዙማ ከዚያ ጋር ማነጻጸር፣ በእኔ እምነት፣ ጠንካራ ሐሳብ ነው።

የብራና ሰዎች ደግሞ አገር ቤት ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ማይክሮፊልም፣ ኢኤምኤምኤል (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ስብስብ) ቁጥር 1832፣ በሚኒሶታው ሂል ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ከስብስቡ ብዙው በነፃ ምዝገባ በኢንተርኔት ይነበባል። ማመልከቻው ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገባ ሥራችሁን እንደምታውቁት ይታያል።

ከመላካችሁ በፊት ለስብስቡ ኃላፊ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ሰነዱ ለአንባቢ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። የቪዛና የአውሮፕላን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም እንዲሁ። ብዙዎቹ ፌሎሺፖች ማን ማመልከት እንደሚችል ሲወስኑ ፒኤችዲው ከተሰጠ ወዲህ ያለውን ዓመት ይቆጥራሉ፤ የምረቃ ቀናችሁን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ በደንብ አስሉት።