ሥራው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ፦ የአይቲ ሰዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ለሁለት አለቃ በየተራ «እሺ» ማለት ነው። የምርት ኃላፊዋ አዲሱ ፊቸር ሐሙስ ይውጣ ትላለች። የሴኪዩሪቲ ኃላፊው ክፍተቱ ሳይደፈን ምንም ነገር ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም) ላይ አይወጣም ይላል። መሀል ያለው ፕሮግራመር ለሷም እሺ፣ ለሱም እሺ። ከዚያ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ያድራል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም! አብሮኝ የሠራ አንድ ጎበዝ ፕሮግራመር እንዲህ ከርሞ፣ ሁለቱም አለቆቹ «ሰነፍ ነው» ብለው ደመደሙ። አንዱ የሌላውን ትእዛዝ አያውቅም ነበራ። ኋላ አንድ ስብሰባ ላይ ሲገናኙ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ስለዚህ ሁለቱም ያሉበት አንድ ኢሜይል ጻፉ፦ «እነዚህ ሁለት ሥራዎች በዚህ ሳምንት አብረው አያልቁም። የቱ ይቅደም?» በቃ። ለየብቻ እንዳትጠይቋቸው፤ ሁለቱም «የኔ» ነው የሚሏችሁ። እናንተ ስታማርሩ አይደለም። ምርጫው የነሱ ስለሆነ ለነሱ እየመለሳችሁ ነው።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ካን እና ባልደረቦቹ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሚና ግጭትን (የሚጋጩ ትእዛዞች) እና የሚና ብዥታን (ሥራው ምን እንደሆነ በግልጽ አለማወቅ) ለይተው አስቀምጠዋል። ከላይ ያለው ግጭቱ ነው። ብዥታው የሚጀምረው የሥራ መደቡ መግለጫ ላይ ካለችው የመጨረሻ መስመር ነው፦ «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ያከናውናል»። ዳታቤዝ ልታስተዳድር የተቀጠረች ልጅ ፕሪንተር ስትጠግን ትውላለች። ለምን? «አይቲ አይደለሽ እንዴ?» ጀማሪዎች ሆይ፣ የትኛው ሲስተም የናንተ እንደሆነና ለውጥ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ያኔ ማንም አይታዘባችሁም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ያሳፍራል።

ፕሮጀክቱን ብቻ ቆጥሮ ቀን መቁረጥም አለ። ቲኬቱን (ሠራተኛው ለአይቲ የሚያስመዘግበውን የችግር ጥያቄ)፣ ጥገናውን፣ «አንዴ ብቻ እየው» የሚለውን ማን ይቆጥረዋል? ጉግል ውስጥ የሲስተም አስተማማኝነት መሐንዲሶች (ሲስተሙ እንዳይቋረጥ የሚጠብቁት) ለእንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት ሥራ ከጊዜያቸው ከ50 በመቶ በላይ እንዳያውሉ ጣሪያ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

አለቆች ደግሞ ሥራ ሲዘገይ ሰው ይጨምራሉ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሰው ሲጨመርበት ይብሱን ይዘገያል። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ማን ሆነና? ያው የዛለው።

መዛልን የግል ድክመት አድርጎ መያዝ ሌላው ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ መዛልን በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ብሎ ነው የገለጸው። የተረኛ መርሐ ግብሩን (ሲስተም ሲወድቅ በየትኛው ሌሊት ማን እንደሚጠራ የሚለውን) ሳይነኩ ሠራተኛውን የአተነፋፈስ ስልጠና መላክ ያስቀኛል።

ስለ ተረኛ ካነሳን፣ ሥልጣን የሌለው ተረኝነት አትቀበሉ። ሌሊት ሰርቨሩ ይወድቃል፤ ሪስታርት ለማድረግ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ጠዋት የሚጠየቀው ግን ተረኛው ነው። ተራው ሳይደርሳችሁ በፊት «ማንንም ሳልጠይቅ ምን ምን ማድረግ እችላለሁ?» በሉ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።