ያለ ምግብ የሚጠጣ ርካሽ ወይን ስትመርጡ

ወይን ብቻውን ልትጠጡ ከሆነ መጀመሪያ የምትሸሹት ታኒን የበዛበትን ቀይ ነው፣ ያ ምላስና ድድ የሚያደርቀው ነገር፣ ስጋ ሲኖር ይለዝባል ባዶ አፍ ላይ ግን ይጎመዝዛል፣ በተለይ ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባለው ቀይ ርካሽ ከሆነ። ቀይ ካማራችሁ ጋሜ ከሚባለው የወይን ዘር የሚሰራውን ቦዦሌ ፈልጉና ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት (ቀይ አይቀዘቅዝም የሚሉትን አትስሟቸው)። ነጭ ከሆነ የፖርቹጋሉ ቪኞ ቬርዴ አሪፍ ነው፣ ቀለል ያለ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጋዝ ያለው። ጠርሙሱ ላይ የአልኮል ፐርሰንቱን እዩ፣ 14 እና ከዛ በላይ ከሆነ ያለ ምግብ ይከብዳል። ትንሽ ጣፋጭነት ደግሞ ነውር አይደለም፣ ሪዝሊንግ በሚባለው የጀርመን ነጭ ወይን ላይ ካቢኔት (Kabinett፣ ቀለል ያለ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጣፋጭ) የሚል ካያችሁ አንሱት፣ ኦክ ኦክ (የወይን በርሜል የሚሰራበት እንጨት) የሚሸት ርካሽ ነጭ ግን እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልነካም።